አባትሽ ሲመጣ ይነግርሻል

አሰላ ከተማ ውስጥ በዚያ ስም የምትጠራ አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፤ ኤትዋል ገብረ መድህን። አገሩ ከስሟ ጋር ሲታገል ኖረ። አንዱ «እትዋል» ይላታል፣ ሌላው «ኤቶል»። ትምህርት ቤት ስም የሚጠሩት መምህር እሷ ጋ ሲደርሱ ጉሮሯቸውን ይጠርጉና «አንቺ የገብረ መድህን ልጅ» ብለው ያልፋሉ። ክርስትና ያነሷት ቄስ ብልህ ነበሩ፤ ወለተ ማርያም ብለው ተገላገሉ።

ስሙን ያወጣው አባትየው ነው። ገብረ መድህን በወጣትነቱ ድሬዳዋ ወርዶ አንድ ፈረንሳዊ ቤት ፈረስ ሲቀልብና ሲያበጥር ከርሞ የተመለሰ ሰው ነበር። አሰላ ገብቶ ፋናዬን አገባ፣ በዓመቱ ሴት ልጅ ተወለደች፣ አራሷ ዘንድ ገብቶ ልጅቱን አየት አደረገና «ኤትዋል» አለ። አለቀ። ፈረንሳይኛ መሆኑን ሁሉም ገምቷል፤ ምን ማለት ነው ሲሉት ግን ስቆ ያልፋል። ልጅቱ አራት ዓመት ሲሞላት «እዚያ የማውቀው ሥራ አለ፣ ለመስቀል እመለሳለሁ» ብሎ ወደ ድሬዳዋ ሄደ። የትኛው መስቀል እንደሆነ አልተናገረም። ሁለት ዓመት ያህል ደብዳቤ መጣ፤ ከዚያ እሱም ቀረ።

ልጅ ናትና ትጠይቃለች። «እማዬ፣ ስሜ ምን ማለት ነው?»

«አባትሽ ሲመጣ ይነግርሻል» ትላለች ፋናዬ፣ ቀና ሳትል በሶዋን እየነፋች።

ፋናዬ ክፉ ሴት አልነበረችም። የአርሲን ገብስ ቆልታ፣ ፈጭታ፣ ገበያ ለገበያ ተንከራትታ ብቻዋን ልጅ ያሳደገች ሴት ናት፤ ማን ደፍሮ ክፉ ይላታል? ይህችን አንዲት መልስ ግን ባትመልስ ምን ነበረበት! ልጅቱ ስሟ በተጠራ ቁጥር አባቷ አለመምጣቱ ትዝ የሚላት ሆነች። ሌላው ልጅ አባቱ ሲቀርበት አባቱን ብቻ ነው የሚናፍቀው። እሷ ግን ስሟንም አብራ ትናፍቃለች።

ደግሞ አንድ ሌላ ነገር ነበረባት። ከግንባሯ በላይ፣ ልክ መሃል ላይ፣ አውራ ጣት የምታህል ነጭ ፀጉር ይዛ ነው የተወለደችው። ሌላው ጥቁር ነው፣ እሷ ብቻ ነጭ። ፋናዬ ታዲያ ልጅቱን ያለ ሻሽ ከደጅ አታወጣትም። ሙቀት ቢሆን፣ ዝናብ ቢሆን፣ ሻሽ። «ለምን?» ስትላት «ሰው ምን ይላል» ትላለች፤ ሰው ምን እንደሚል ግን አትናገርም። ኤትዋልም ለምዳው፣ አድጋ እንኳ፣ ሻሿ የተንሸራተተ ሲመስላት እጇ ሳታስበው ወደ ግንባሯ ይሄዳል።

በ1960 ዓ.ም. ስልክ ቤት ኦፕሬተር ሆና ተቀጠረች። ጠዋት ጭቃው ሲያይል በጋሽ ሁሴኖ ጋሪ ትሄዳለች፣ ሰሌዳው ፊት ትቀመጣለች፣ ገመዱን ከአንዱ ቀዳዳ ነቅላ ሌላው ላይ ትሰካለች። የሰው ወሬ፣ የሰው ሠርግ፣ የሰው ናፍቆት በጆሮዋ ያልፋል። ኦፕሬተሮች በየከተማቸው ነበር የሚጠራሩት። «ናዝሬት!» «አቤት አሰላ!» ለሥራው ስም አያስፈልግም ነበር፤ ለእሷማ ይህ እረፍት ነው።

በዚያን ጊዜ ለእርሻ ልማት ሥራ የመጡ ስዊድኖች አሰላን ሞልተዋት ነበር። ፈረንሳይኛ የምታውቅ የአንዱ ሚስት አገሯ ልትደውል መጥታ ስትጠብቅ ሥራ ኃላፊው አቶ ደመቀ «ኤትዋል!» ብሎ ተጣራ። ሴትየዋ በሳቅ ፍርስ አለች፣ በተሰባበረ አማርኛዋም ጣቷን ወደ ጣሪያው ቀስራ «ኮከብ! አንቺ ኮከብ!» አለቻት። ኤትዋል የዚያን ቀን ቤቷ በእግሯ ደረሰች ቢሏት አታምንም። 

«እማዬ! ስሜ ኮከብ ነው!»

ፋናዬ ወንፊቱን አስቀመጠች። «ኮከብ?» አለች። ከዚያም «የእኔና የእሱ ኮከብ እንደሁ አልገጠመም። አንቺን ኮከብ ያለበትን እንጃለት። እሱ ሲመጣ ይነግርሻል» አለች።

ነገሩ እውነት ነው። ቃሉ ኮከብ ነው፤ እሺ፣ ተገኘ። ሰውዬው ግን አራሷ ዘንድ ገብቶ ያቺን ሕፃን ሲያይ ምን አስቦ ነው ኮከብ ያላት? ጥሏት የሚሄዳትን ልጅ ማን ኮከብ ይላል? ኤትዋል ማወቅ የፈለገችው ይህን ነበር፤ ይህን ደግሞ ከእሱ አፍ በቀር የሚነግራት አልነበረም።

እዚህ ላይ ስለ ስልክ ቤት አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሰው ሲሞት ወሬው መጀመሪያ የሚያልፈው በኦፕሬተሯ ጆሮ ነው። መርዶ ደግሞ ወግ አለው። ዘመድ ይሰበሰባል፣ ቄስና ሽማግሌ ይጠራል፣ ማለዳ ጎህ ሲቀድ ቤቱ ተሄዶ ይነገራል። በስልክ፣ በመንገድ ላይ፣ ለብቻው ላለ ሰው ሞት አይነገርም፤ ነውር ነው። ስለዚህ ኦፕሬተሯ ሰምታ እንዳልሰማች ትሆናለች። ወይዘሮ አፀደ የምትባል ጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ በየሳምንቱ አቦምሳ ያለ ወንድሟን ታነጋግር ነበር። ወንድምየው ሞተ። ኤትዋል ሰማች። አፀደ በማግስቱ እየሳቀች መጥታ «አገናኚኝ» ስትላት «መስመሩ ተበላሽቷል እትዬ አፀደ፣ ነገ ይሞክሩ» አለቻት። ለሦስት ቀን መስመሩ ተበላሸ። በሦስተኛው ቀን አፀደ ለወንድሟ ልጅ የገዛችውን ሹራብ አውጥታ «ያምርበት ይሆን?» ብላ ጠየቀቻት፤ ኤትዋልም «ያምርበታል እንጂ» አለች። መርዶው ለአፀደ የተነገረ ዕለት ኤትዋል ሥራዋ ላይ ሆና ስታለቅስ ዋለች። ሥራው እንዲህ ነው።

ከኦፕሬተሮቹ ሁሉ የልቧ ወዳጅ ድሬዳዋ ያለችው አሰፋች ነበረች። ተያይተው አያውቁም። በየሐሙሱ ከሰዓት መስመሩ ቀዝቀዝ ሲል ያወራሉ። አሰፋች የድሬ ልጅ ናት፣ ንግግሯ ሁሉ «አቦ» ነው፣ ሳቋ ከገመዱ ወጥቶ ክፍሉን ይሞላል። ኤትዋል የአባቷን ነገር ያጫወተቻት እሷን ብቻ ነበር። «አቦ ድሬ ጠባብ ናት፣ እፈልግልሻለሁ» አለቻትና ፍለጋ ጀመረች። አንድ ዓመት አለፈ፣ ሁለት ዓመት አለፈ። ባቡር ጣቢያ ጠየቀች፣ ቤተ ክርስቲያን ጠየቀች፣ ምንም የለም።

በ1965፣ ሐምሌ 19 ቀን፣ ሐሙስ ነው።

«አሰላ! ብቻሽን ነሽ? አቦ መጀመሪያ ተቀመጪ።»

«ተቀምጬ አይደል እንዴ የምሠራው! ምን ሆነሻል?»

«አባትሽን አገኘሁት።»

ኤትዋል ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ ጫን አደረገች። ልቧ ድው ድው ሲል አሰፋችም በገመዱ የሰማችው መሰላት።

አሰፋች ዘረዘረችላት። ሰውየው ዕቃ ሲያራግፍ እግሩ ተሰብሮ በምርኩዝ የሚሄድ ሆኗል። «በምርኩዝ፣ ባዶ እጄን፣ ምን ብዬ ልግባ እያልኩ ዓመት ዓመትን ወለደ» ይላል። አሁን ሳንባውን ታሞ ሆስፒታል ተኝቷል። ስልኩ ዘንድ መምጣት አልቻለም፤ ሲሻለው አሰፋች ራሷ ደግፋ ታመጣዋለች።

«ስሜንስ? ስሜን ጠየቅሽው?»

«ጠየቅሁት። መጀመሪያ አለቀሰ። ከዚያ ምን አለኝ መሰለሽ፤ ‹ግንባሯ ላይ ያለችው ነጭ አለች ወይስ ጠቆረች?› አለኝ። እዚያ ፈረንሳዊው ቤት የሚያበጥራት ፈረስ ግንባሯ ላይ ነጭ ነበራት አሉ። እኛ ቦቃ የምንለውን ፈረንጆቹ ኤትዋል ይሉታል። ‹ከፈረሱ ሁሉ እሷን ነበር የምወድ። ልጄ ያችኑ ነጭ ይዛ ስትወጣ ደስታ ሊገድለኝ! ቦቃዬ እንዳልላት ሰው ይስቅባታል ብዬ በፈረንጅኛው አልኳት› አለ። አንቺ፣ ምንድን ነው እሱ? ግንባርሽ ላይ ምን አለ?»

የኤትዋል እጅ ሻሿ ላይ ነበር። በዚያው ቅጽበት ናዝሬት ጠራች፣ አዲስ አበባ ጠራች፣ ሰሌዳው ሁሉ መብራት ሆነ፤ እንባዋን እየዋጠች ገመድ መሰካት ያዘች። ጥያቄው ሳይመለስ ቀረ። ራሴ እነግረዋለሁ አለች በልቧ፤ ስልክ ላይ ሲመጣ ‹አለች አባዬ፣ አልጠቆረችም› እለዋለሁ።

ማታ ጋሽ ሁሴኖ ጋሪውን አቁመው ሲጠብቋት ከመሳፈሯ በፊት ወደ ፈረሱ ሄደች። ያም ቦቃ ነው። አምስት ዓመት ሙሉ ከኋላው ተቀምጣ ስትሄድ አንድ ቀን እንኳ ግንባሩን አላስተዋለችም። መዳፏን ነጩ ላይ አሳርፋ ቆመች።

«ምነው ልጄ፣ ፈረስ አይተሽ አታውቂም?» አሏት ጋሽ ሁሴኖ።

«እንዲህ አድርጌ አላየሁም ጋሽዬ» አለች።

ለእናቷ አልነገረቻትም። ሃያ ዓመት የጠበቀች ሴት «ታሟል» ተብሎ ብቻ ምን ይነገራታል? ሲነሳ ስልክ ቤት ወስጄ አፍ ለአፍ አገናኛቸዋለሁ ብላ አሰበች። ፋናዬም የፍልሰታ ጾም ሊገባ ሲል፣ እንደየዓመቱ፣ ቤተ ክርስቲያን ሱባኤ ገባች። ቤቱ ለኤትዋል ብቻዋን ቀረ። አንዳንድ ቀን መስተዋት ፊት ቆማ ሻሿን ፈታ ነጯን ታያለች። እንዲህ ተደስታ የምታውቅበት ጊዜ ትዝ አይላትም።

ነሐሴ 3፣ ሐሙስ፣ የአሰፋች ድምፅ ዘጋ ብሏል። «ጉንፋን ነው» አለች። «አባትሽ… ደህና ነው። ስምሽ ሌላም ፍች አለው ብሎሻል። ብዙ መንገድ አንድ ላይ የሚገናኝበት አደባባይ፣ እሱንም ኤትዋል ይሉታል።»

«ውይ! መንገዶቹ ሁሉ ወደ እኔ ሊመጡ ነው በያ!»

«አዎ» አለች አሰፋች።

በሚቀጥለው ሐሙስ ደግሞ ሌላ መጣ። ደጅ፣ ሜዳ ላይ፣ ሰማይ እያዩ ማደርም በዚሁ ስም ይጠራል አለ። ኤትዋል ይሄኛውን ስታስበው ሰነበተች፤ ምስኪን፣ ስንቱን ሌሊት ጣቢያ ሜዳ ላይ አድሮ ይሆን አለች በልቧ። ነሐሴ 17፣ ጾሙ በተፈታ ማግስት፣ ሦስተኛው መጣ። መድረክ ላይ ከሁሉ በልጣ የምትጨፍረዋ ሴት ኤትዋል ትባላለች ብሏል አለች አሰፋች። ኤትዋል በሳቅ ሞተች። «እኔ? እስክስታ እንኳ የማላውቀው! በይ ንገሪልኝ፤ እኔ የምፈልገው የመጀመሪያውን ነው በይልኝ። ደግሞ ለመስቀል ይድናል ወይ? የዘንድሮው መስቀል ነው በይው፣ የዘንድሮው!»

ከወዲያ ምንም አልተሰማም።

«ድሬ? ሰማሽኝ?»

«መስመሩ… መስመሩ ተበላሽቷል አሰላ፣ ነገ» አለች አሰፋችና ተቋረጠ።

ያን ቃል ስንት ጊዜ ለሰው ብላዋለች! ግን ሰው በራሱ ሲደርስ አያውቀውም። ወደ ቤት ልትሄድ ስትነሳ አቶ ደመቀ ወረቀት እያገላበጠ «ነገ ከሰዓት ነው የምትገቢው» አላት፤ ዓይኗን አላያትም። እሷ ግን ደስ ብሏት ወጣች። እናቷም ከሱባኤ ተመልሳለች፤ ለመስቀል ምን እንደሚገዛ ሲጫወቱ አመሹ።

ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። ከፈተች። አቶ ደመቀ፣ ቄሱ፣ ከሁሩታ የመጣው የአባቷ ወንድም፣ ከኋላቸው ጎረቤቱ ሁሉ፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል። ኤትዋል ወዲያው ገባት፤ መርዶ ነው። ግን ለማን? እናቷ ከኋላዋ አለች፣ ድምፅዋን ትሰማለች። አባቷ ደግሞ ገና ትናንት ነው መልእክት የላከው።

«ቤት ተሳስታችኋል ጋሽ ደመቀ» አለች፣ ፈገግ እንደማለት ብላ። «እኛ ቤት ማንም አልሞተም። አባቴ እንደሁ ትናንት መልእክት ልኮልኛል።»

«የምን አባትሽ?» አለች ፋናዬ ከኋላዋ።

እንዲህ ነው የሆነው። ፋናዬ ባሏ መገኘቱንና መሞቱን በአንድ ማለዳ፣ በአንድ ደጃፍ ላይ ሰማች። ገብረ መድህን ያረፈው ሐምሌ 28፣ ቅዳሜ ቀን ነበር። አሰፋች ያኔውኑ ለአቶ ደመቀ ደውላለች፤ ሽማግሌዎቹም ሱባኤ ላይ ላለች ሴት መርዶ አይነገርም፣ ጾሙ ይፈታ ብለው ቆረጡ። እስከዚያ ኤትዋል በየሐሙሱ ትጠይቃለች። አሰፋች ታዲያ ምን ታድርግ? ከአንድ ጡረተኛ የባቡር ጸሐፊ መዝገበ ቃላት ተውሳ ፍች ትለቅምላት ጀመር።

ኤትዋል ሁለት ለቅሶ አለቀሰች። አንዱ ለአባቷ ነው። ሌላው ለእነዚያ ሦስት ሐሙሶች ነው፤ አባቷ ሬሳ ሆኖ እሷ ስትስቅባቸው ለነበሩት። በአሰፋች ተናደደች፣ አቃጠላት። እትዬ አፀደ አጠገቧ ቁጭ ብላ እጇን ይዛት ስትውል ግን ሹራቡ ትዝ አላትና ንዴቱም የት እንደሚቀመጥ ጠፋው።

በሦስተኛው ቀን ፋናዬ መቀስ ይዛ መጣች። አባት ሲሞት ልጅ ፀጉሯን ትቆረጣለች። የከተማ ሴቶች እየተዉት ነው፤ ፋናዬ ግን አትተወውም፣ የራሷንም ቀድማ ተሸልታለች። የኤትዋልን ሻሽ ፈታች። ከማጅራቷ ጀመረች። ፀጉሩ ጭኗ ላይ ይወድቃል።

«እማዬ» አለች ኤትዋል። «የስሜን ፍች ከመሞቱ በፊት ተናግሮ ነበር። ወይም አሰፋች እንዲህ አለ ብላኛለች፤ አሁንማ ምኑን ልመን?»

«ምን አለ አለችሽ?»

ነገረቻት። ፈረሷን፣ ቦቃዋን፣ «አለች ወይስ ጠቆረች» ያለውን ሁሉ። የፋናዬ እጅ ቆመ።

«ያቺ የድሬዋ ልጅ ፀጉርሽን አይታለች?»

«የት ታየኛለች!»

«ነግረሻት ታውቂያለሽ?»

«አንቺ ደብቂ ያልሽኝን ለማን ልናገር? እንዲያውም እሷ ራሷ ግንባርሽ ላይ ምን አለ ብላ ጠይቃኛለች።»

ፋናዬ መቀሱን ጭኗ ላይ ጣለችው። «እሱ ነው» አለች። «የእሱ ቃል ነው። ድሬ ላይ ከእሱ በቀር ማን ያውቅ ነበር?» ከዚያ አለቀሰች፤ ለመርዶው ያላለቀሰችውን። «አራስ ቤት የገቡት ሴቶች፣ ሽበት ይዛ የተወለደች ልጅ አባቷን ታሳጣለች ሲሉ ሰማሁ። እሱም ሰምቶ የሸሸን መሰለኝ። ሃያ ዓመት ሻሽ ያሰርኩብሽ በዚህ ነው ልጄ። እሱ ለካ ደስ ብሎት ኖሯል!»

መቀሱን አንስታ ዙሪያውን ቆረጠች። ግንባሯ ጋ ስትደርስ አንዲት ጎረቤት «ፋናዬ፣ ያችም ትቆረጥ እንጂ፣ ለቅሶ አይደለም እንዴ» አለች።

«ያቺ የእሱ ናት» አለች ፋናዬ፤ ነጯን በእጇ ዳበስ አድርጋ ተወቻት።

አርባው ካለፈ በኋላ፣ መስቀል በዋለ በሳምንቱ፣ ኤትዋል ያለ ሻሽ ሥራ ገባች። ጋሽ ሁሴኖ አዩአት፣ ፈረሳቸውን አዩ፣ ምንም አላሉም። ሐሙስ ከሰዓት ድሬዳዋን ጠራች።

«አሰላ?» አለች አሰፋች። «አቦ ይቅር በይኝ። እነዚያ ሦስቱ የእኔ ናቸው።»

«አውቃለሁ። እኔም ብሆን እንደዚያው ነበር የማደርገው።»

«አንድ ሌላ አለ» አለች አሰፋች። «ለሱም ዋሽቻለሁ። ነጯ አለች ወይስ ጠቆረች ብሎ ሲጨነቅ፣ አንቺም ሳትመልሺልኝ ቀረሽ፣ በማግስቱ ሄጄ አለች፣ እንደነበረች ናት አልኩት። ሳላውቅ። እሱም እሰይ ብሎ እንቅልፍ ወሰደው።»

ኤትዋል እጇ ወደ ግንባሯ ሄደ። ሻሽ የለም፤ ፀጉሯን ነካች።

«አልዋሸሽውም» አለቻት።